የመቶ ዓመት ሙያ እንደ ቁራጭ ብረት ሲጣል

ቆይ እስኪ ወገን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ቃል ከየት እንደመጣ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። ባቡሩ ከሄደ ቆይቷል፣ ቃሉ ብቻ አፋችን ላይ ቀርቷል።

ዛሬ ስለዚያ ባቡር ነው የምጽፈው። «ድሮ ቀረ» ለማለት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ናፍቆት እንጀራ አይሆንም። የምጽፈው ትልቅ ሀብት ስለጣልን ነው፤ ዛሬም ስለምንጥል።

መጀመሪያ ታሪኩን እንያዝ። በ1886 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ዕቅዱ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። አዎ፣ እኛ ቀጨኔ ቆመን ቀና ስንል የምናየው እንጦጦ! የዛሬው ወጣት ቪዛ ሲያልም ያድራል፤ እነዚያ ሰዎች ሕንድ ውቅያኖስን ከዓባይ ማገናኘት ያልሙ ነበር።

ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ለምን ጠበበ? ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ መታጠፍ ይችላል፣ ቁፋሮው ይቀንሳል፣ ወጪው ይቀላል። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መስመር ይኼ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ የሐረር ተራራ አስቸገረ። መስመሩ በግርጌው አለፈ፤ በ1895 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ።

ከዚያ የፈረንጅ ፖለቲካ ገባ። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በብር በኩል እጁን አስገባ። ምኒልክ ለኩባንያ የሰጡት ፈቃድ የባዕድ መንግሥት ክንድ ሊሆን ሲል ታያቸው። ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ተቀምጠው አገራችንን በጥቅም ቀጣና የሚከፋፍል ውል ተፈራረሙ። ባቡሩም በውሉ ውስጥ አለ። ከፈራሚዎቹ መካከል ግን ኢትዮጵያ የለችም! የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ አላዩትም።

በመሬታችን ላይ ለሚሄድ ባቡር የግማሽ ባለቤትነት ያገኘነው በ1952 በተፈረመው ውል ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱም ያኔ ነው ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው። ይኼን ቁጥር ያዙት፦ አዲስ አበባ ከገባ ከ43 ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ሐዲድ ብረት ነው፤ ብረት ይገዛል። የማይገዛው ድሬዳዋ ያለው የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ የነበረው ሰው ነው። ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ ከአባቱ ሙያ የወረሰ፣ ቶርኖ ላይ ያረጀ መካኒክ። አውሮፓ ውስጥ ፋብሪካው የተዘጋ መለዋወጫ ሲጠፋ እዚያው ቀርጾ የሚሠራ። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲወር መስመሩና ድልድዮቹ ተመቱ፤ ተመልሶ የተጠገነው በሰው እጅ ነው።

ሙያ ሲጓደል ምን እንደሚሆንም አይተናል። ጥር 1977፣ አዋሽ አጠገብ፣ ባቡሩ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። 428 ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ኩርባን ማወቅ፣ ፍሬንን ማወቅ፣ መሬቱን ማወቅ ማለት የሰው ነፍስ ማለት ነው።

እና ምን አደረግን? በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ፣ ሳያልቅ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። በቃ። ሐዲዱ በየቦታው ተነቀለ፣ ሣር በላው፣ መንገድ ወጣበት።

መስከረም 2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በቻይና ብድር፣ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱትም ቻይናዎች ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ የተረከብነው በ2016 ነው። ምክንያቱ ምን ተባለ? የሠለጠነ ሰው የለንም! ልብ በሉ፤ መቶ ዓመት ባቡር የነዳች አገር ናት «ባቡር የሚያውቅ ሰው የለኝም» ያለችው።

«አንተ ደግሞ! አሮጌው ዘገምተኛ ነበር፣ ይከስር ነበር፣ አዲሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እውነት ነው። ሰፊው ሐዲድ ይሻላል፣ እኔም አልቃወምም። የድሮው መካኒክ ኤሌክትሪክ ላያውቅ ይችላል። ግን ጎርፍ የሚወርድበትን ቦታ ያውቃል። የአርብቶ አደሩ ከብት የት እንደሚሻገር፣ ሰዉን እንዴት እንደሚያናግር ያውቃል። አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረ ማግስት ከብት እየገጨ ካሣ ሲጠየቅ ያንን ሰው ማን ጠራው?

ሌላ አገር ምን እንደሚደረግ እዩ። ኤርትራ ውስጥ ጣሊያን የሠራው ጠባብ ሐዲድ በጦርነት ፈርሶ ነበር። ከነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞችን ጠርተው፣ ወጣቱን ከጎናቸው አሰልፈው፣ ከምፅዋ እስከ አስመራ ራሳቸው መልሰው ዘረጉት። የሕንዱ ዳርጂሊንግ ባቡር ሐዲዱ ከእኛው ይጠባል፤ ዛሬም ይሄዳል፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ድህነት ሰበብ አይሆንም ማለት ነው።

ታዲያ የእኛ በሽታ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት እኔ ሩቅ አልሄድም፤ ሰፈሬ ቀጨኔ ይበቃኛል። ቀጨኔ የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የብረት ቀጥቃጭ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ የጋገረችበት ምጣድ፣ ቡና ያፈላችበት ጀበና፣ የደረበችው ጋቢ ከነዚህ እጆች ነው የወጣው። የተከፈላቸው ምስጋና ምን ነበር? «ቡዳ»፣ «ጠይብ»፣ «ቁጢት በጣሽ»። ምኒልክ ራሳቸው ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ አለፈ፣ ስድቡ ቀረ። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው «ዓይኑ ይበላል» ብሎ የሸሸ ሕዝብ የባቡር መካኒኩን ከነእውቀቱ ጡረታ ሲያወጣው ምን ይገርማል? ያው በሽታ ነው፤ ድሬዳዋ ሲደርስ ስሙን ቀየረ እንጂ።

እኛ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። «ቢሮ» ሲሉን እንሮጣለን፣ «ቶርኖ» ሲሉን ፊታችን ይጠቁራል። አገር ወዳድነት ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ መለጠፍ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። እጁ ዘይት የነካውን ሰው ማክበር ነው ከባዱ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ፣ ጮክ ብለን። አንደኛ፣ የድሬዳዋው ወርክሾፕ ከነማሽኖቹ ይጠበቅ፤ ሙዚየም ብቻ ሳይሆን የቴክኒክ ማሠልጠኛ ይሁን። ሁለተኛ፣ በሕይወት ያሉት የምድር ባቡር ባለሙያዎች በክፍያ አስተማሪ ሆነው ይጠሩ። ሦስተኛ፣ ከቀረው ሐዲድ አጭር መስመር ተጠግኖ ባቡር ይሂድበት፤ ልጅ ያየውን ነው የሚመኘው።

እናንተ ደግሞ መንግሥትን አትጠብቁ። ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ሞጆ፣ አዳማ ያላችሁ፣ በሰፈራችሁ የምድር ባቡር ጡረተኛ አይጠፋም። ዛሬ ማታ ሂዱ። «አባባ፣ ያንን ኩርባ እንዴት ነበር የምትወጡት?» በሏቸው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጹ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ እዚህ አምጡት።

ሐዲዱን ማን እንደነቀለው ስንከራከር እነሱ እያለፉ ነው።