የዘመኑ ደረሳ የት ይደር?





ወሎ ውስጥ ዳናና ገታ የዒልም ማዕከል ሆነው የኖሩት ትላልቅ ሸይኾች ስለነበሩባቸው ብቻ አይደለም። ከሩቅ አገር ኪታቡን ይዞ የሚመጣውን ደረሳ የአካባቢው ሰው ስላበላውና ስላስጠጋውም ጭምር ነው። ደረሳው በአገሩ ዘመድ የለውም፤ ገንዘብም የለውም። ያም ሆኖ ቀርቶ የወጣው ሰው ስለተቀበለው ነው። እኛም መድረሳ ስንቀራ የበላነው እንጀራ የእናቶቻችን ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ላፕቶፑን አዝሎ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከሐረር አዲስ አበባ የሚገባ ሌላ ደረሳ አለ። በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ቤት ሆኖ በኢንተርኔት ኮዲንግ የመማር ዕድል ለክፍለ ሀገር ወጣትም ተከፍቷል። ሥራውን የሚያሳይበት፣ ከባለሙያና ከቀጣሪ ጋር የሚተዋወቅበት ጉባኤና ውድድር ግን በብዛት አዲስ አበባ ነው። መግቢያው ነጻ ቢሆን እንኳ አልጋው ነጻ አይደለም።

ታዲያ የሚቀረው ማን ነው? አዲስ አበባ አጎት ወይም አክስት ያለው ይመጣል፤ የሌለው ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚቀሩት እህቶቻችን ናቸው። ብዙ አባት ልጁን የሚከለክላት ትምህርቱን ጠልቶ ሳይሆን «የት ታድራለች?» ለሚለው መልስ አጥቶ ነው። ወንድሟ ይዟት ይምጣ ቢባል ወጪው እጥፍ ይሆናል። ያ አባት አይወቀስም። መልሱን መስጠት ያለብን እኛ ነን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች መካከል መንገደኛውን ቆጥሮታል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳ መስተንግዶ 3 ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ ያለፈው ሰደቃ እንደሆነ አስተምረውናል። አብዛኛው ውድድር ደግሞ ከ2 እና ከ3 ቀን አይበልጥም።

«ይሄ የዱንያ ነገር ነው፤ ከዲን ደረሳ ጋር አይወዳደርም» የሚሉ አሉ። የቁርኣን ዒልም ደረጃው ከፍ ያለ መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። ኡማው የሚያስፈልገውን ሙያ የሚማር ልጅ የሁላችንንም ሸክም ነው የሚያቀለው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የየመስጂዱ ኮሚቴ እንግዳ መቀበል የሚችሉ ቤቶችን ይመዝግብ። ዝርዝሩ በኮሚቴው እጅ ይቆይ፤ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ እንግዳው ከሰፈሩ መስጂድ ኢማም የምስክርነት ቃል ያምጣ፤ ቤተሰብ የማያውቀውን ሰው በጭፍን አያስገባም።

ሦስተኛ፣ የእህቶች ማረፊያ በሴቶች ጀመዓ በኩል ይመቻች። አባትየው ከአስተናጋጇ ጋር አስቀድሞ በስልክ ይነጋገር።

አስተናጋጆች ሆይ፣ ዶሮ ወጥ የሚጠብቅባችሁ የለም። ፍራሽ፣ ሽሮ፣ የውዱእ ውሃና ቻርጀር የሚሰካበት ሶኬት ይበቃል። ሌሊት አምሽቶ ሲሠራ ካያችሁት ግን አትቆጡት፤ የመጣው ለዚያ ነው።

እንግዳ የሆንክ ወንድሜ፣ እንግዳ የሆንሽ እህቴ፣ እናንተም ሐቅ አለባችሁ። የምትመጡበትንና የምትሄዱበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አሳውቁ። ፈጅርን ተነሡ፤ የተኛችሁበትን አንሡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንግዳ አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ እንዳይቆይም አስተምረዋል። ከቻላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለቤቱ ልጆች የምታውቁትን 1 ሰዓት አስተምሩ። ከዚህ የተሻለ የእጅ መንሻ የለም።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ቤታችሁ 1 ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ ካለ ከመጪው ጁምዓ በኋላ ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ ንገሩ። ክፍለ ሀገር ያላችሁም ኢማማችሁን ከአሁኑ አማክሩ።

አላህ ቤታችንን በኸይር እንግዳ የሚሞላ ያድርግልን።