ምስሉን ሳይሆን ልጁን እዩት

ልጃቸው በስሙ ሲጠሩት ዘወር የማይል ወይም ቃል ማውጣት የዘገየባቸው ወላጆች «አንጎሉ በኤም.አር.አይ. ይታይልን» ብለው ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እንድታውቁልን እንሻለን።

አንደኛ፣ የአንጎል ምስል ስለ ኦቲዝም ትልቅ ትምህርት ሰጥቶናል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያላቸውን 106 ሕፃናት በ6፣ በ12 እና በ24 ወራቸው፣ እንደተኙ በኤም.አር.አይ. አነሷቸው። በኋላ ኦቲዝም በተገኘባቸው ሕፃናት፣ የአንጎላቸው የላይኛው ሽፋን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሰፋ ነበር። ልብ በሉ! ይህ የሆነው ኦቲዝም እንዳለባቸው ከመታወቁ በፊት ነው። ታዲያ «እናቱ ስላልያዘችው ነው»፣ «እርግማን ነው» እያሉ እናትን መውቀስ በደል አይደለምን?

ሁለተኛ፣ ጥናት ሌላ፣ ምርመራ ሌላ ነው። በብዙ ሕፃናት ላይ የታየው ልዩነት ዛሬም ቢሆን የአንድን ልጅ ምስል አይቶ «ኦቲዝም አለበት» ወይም «የለበትም» ለማለት አያበቃም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ምስል ብዙውን ጊዜ ለሐኪሙ ዓይን ደኅና መስሎ ይታያል። ሐኪም ኤም.አር.አይ. የሚያዘው እንደሚጥል በሽታ ያለ ሌላ ምልክት ሲያይ ነው። እኛን የሚያሰጋን ወላጅ «ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የልጁ የመማሪያ ጊዜ በከንቱ ማለፉ ነው።

ኦቲዝም የሚታወቀው ባለሙያ ልጁ ሲጫወትና ከሰው ሲግባባ ተመልክቶ፣ ወላጅንም ጠይቆ ነው። ስለዚህ የእናንተ ዓይን ከመሣሪያው ይቀድማል። ልጃችሁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፣ በ18 ወሩ በጣቱ የማይጠቁም፣ ወይም የለመደውን ቃል የተወ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ጆሮውም ይመርመር። ዱዓችሁን አታቋርጡ፤ ዱዓ ማድረግ ግን ከሕክምና አያስቀርም። ልጁን ከእንግዳም ከመስጊድም አትደብቁት። ለኤም.አር.አይ. ያሰባችሁትንም ገንዘብ ንግግርና መግባባት ለሚያስተምረው ባለሙያ አውሉት።