ወሬው ሲደርስ መርከቡ ሄዷል

በእረፍት ሰዓት አንድ ኮምፒዩተር ከበው የባሕር ሰርጓጅ ጨዋታ የሚጫወቱ ሠልጣኞች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ እነርሱ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ በሌላት አገር፣ ያውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው ሮቤ፣ የባሕር ሰርጓጅ ለመምህር ምን ይፈይዳል?» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ጨዋታ ነው፤ ተዉአቸው» ብሎ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ነገሩን ንቀውታል። እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ የሒሳብ ትምህርት አለ፤ አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄም አለ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። «ሳይለንት ሃንተር» በተባለው ተከታታይ ጨዋታ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሦስተኛው፣ ተጫዋቹ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ አዛዥ ይሆናል። የሬዲዮ መልእክት ይደርሰዋል፦ በዚህ ቦታ የንግድ መርከብ ታይቷል፣ ወደዚህ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ዝግተኛ ነው። ጀማሪው መርከቡ ወደ ታየበት ነጥብ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ሲደርስ ውኃ ብቻ! መርከቡ እኮ ቆሞ አልጠበቀውም። መሄድ የነበረበት መርከቡ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው።

በቁጥር እናድርገው። መርከቡ በሰዓት 6 የባሕር ማይል ወደ ሰሜን ይጓዛል እንበል። እኛ ከእርሱ በስተ ምሥራቅ 32 ማይል ርቀት ላይ ነን፤ ፍጥነታችን 10 ነው። ከ10ሩ ውስጥ 6ቱን ወደ ሰሜን ብናውለው ከመርከቡ ጋር እኩል ወደ ሰሜን እንራመዳለን። ለምዕራብ የሚቀረን በፓይታጎረስ ደንብ 8 ነው። 32 ለ8 ሲካፈል 4 ሰዓት። በ4 ሰዓት መርከቡ 24 ማይል ይሄዳል፣ እኛ 40 ማይል እንሄዳለን፤ 24፣ 32፣ 40 ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የ3፣ 4፣ 5 ጎነ ሦስት ነው። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተርና አንድ ገጽ ካሬ ወረቀት ይበቃል።

ዋናው ትምህርት ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። መልእክቱ 2 ሰዓት ዘግይቶ ቢደርሰንስ? መርከቡ 12 ማይል ቀድሞናል። በቀድሞው ስሌት ብንነዳ በ4 ሰዓት ቦታው ላይ እንደርሳለን፤ እርሱ ግን 12 ማይል ወደ ሰሜን አልፏል። መዘግየቱን አስበን አዲስ መስመር ብናሰምር ደግሞ የምንገናኘው ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በዚህ ላይ «ወደ ሰሜን» የሚለው ቃል ራሱ ግምት ነው። አቅጣጫው በ11 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ከ24 ማይል ጉዞ በኋላ መርከቡ ከታሰበው ቦታ ወደ 5 ማይል ገደማ ይርቃል። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ማን አየው? መቼ አየው? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ይህን መጠየቅ የለመደ ተማሪ በስልክ የሚደርሰውን ወሬ ሁሉ እንዳለ አይውጥም።

ነገሩ ከእኛ አካባቢ የራቀ ለሚመስለው ታሪኩን ልጨምር። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ምጽዋ ላይ 8 ባሕር ሰርጓጆች ነበሯት። አንዷ የመቀሌን ስም ይዛ «ማካሌ» ትባል ነበር። በሜድትራኒያን ከነበሩት እኅቶቿ አንዷ ደግሞ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ውኃ በሚቀበለው ወንዛችን «ዋቢ ሸበሌ» ተብላ ነበር። አገራችንን ወርረው ስሞቻችንን በጦር መርከብ ላይ ጻፉ። ሁለቱም መርከቦች በዚያው ሰኔ ጠፉ። «ጋሊሊዮ ጋሊሌይ» የተባለችው ደግሞ ሰኔ 12 ቀን ኤደን አጠገብ በእንግሊዞች ተማረከች። ከውስጧ በተገኙ ሰነዶች እየተመሩ እንግሊዞች «ጋልቫኒ»ን ኦማን ባሕረ ሰላጤ ድረስ ሄደው አሰጠሟት። በባሕሩ ስፋት ውስጥ አንዲት መርከብ ያገኘው ጥይት ሳይሆን በወረቀት ላይ የተጻፈ ወሬና አስቦ ማስላት ነው።

አሁን ወደ ሜዳችን እንውረድ። ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ገበሬ ከአስፋልቱ 2 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ገብስ ማሳው ላይ ነው፤ «ሚኒባሱ አሁን ከጎባ ተነሣ» ተብሎ ተደወለለት። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ መንገዱ ጋ ለመድረስ 24 ደቂቃ ያስፈልገዋል። የሚወጣበት ቦታ ከጎባ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ሚኒባሱ እዚያ የሚደርሰው በ26ኛው ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለጥቂት ይደርስበታል። ስልኩ 5 ደቂቃ ዘግይቶ ከሆነ ግን አቧራውን ብቻ ያያል። ይህን በአፋን ኦሮሞ ጽፈን ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ብንሰጠው ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ አይገባውም?

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጨዋታው መርከብ ያሰጠመ ሰው የሚያገኘው ውጤት በቶን ይቆጠራል። ነጥቡ ውስጥ ሰው የለም። እውነተኛው መርከብ ግን መርከበኞች አሉት፤ ጭነትም አለው። የሲናና ገበሬ ስንዴው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ ነው ወደ ባሌ የሚመጣው። በካርታው ላይ የምትታየው ነጥብ የእኛው ዳቦ ልትሆን ትችላለች። ታዲያ መምህር የሚሆን ሰው ስሌቱን አስተምሮ ይህን ሳይናገር ከክፍል መውጣት የለበትም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ያው ጎነ ሦስት ለማዳንም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1912 «ታይታኒክ» ስትሰጥም በሬዲዮ የእርዳታ ጥሪ አሰማች። «ካርፓቲያ» የተባለችው መርከብ 58 ማይል ያህል እርቃለሁ ብላ አሰላችና ሌሊቱን ተጉዛ ከ700 በላይ ሰዎች አዳነች። ስብርባሪው በ1985 ሲገኝ ግን በሬዲዮ የተነገረው ቦታ 13 ማይል ያህል የተሳሳተ እንደነበረ ታወቀ። ያም ወሬ ነበር፤ ያም ስሕተት ነበረው። የተፈለገው ግን ሰው ለማትረፍ ነበር።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የሒሳብ መምህራኖቻችን በማስተማር ልምምድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በወረቀት አሠርተው ይሞክሩት። የሚጫወቱት ሠልጣኞችም ስሌታቸውን ከኮምፒዩተሩ አውጥተው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለጓደኞቻቸው ያስረዱ፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ጊዜ ማባከን ነው የሚል አይኖርም። ነገ ወደ ጎሮ፣ ወደ ጊኒር ወይም ወደ ደሎ መና ስንመደብ ኮምፒዩተሩ አብሮን ላይሄድ ይችላል። ማስመሪያውና ጥያቄው ግን ይሄዳሉ። በጥያቄው ውስጥ የሚጠበቀው መርከብ የሚሰጥም ይሁን የሚድን የምንወስነው እኛ፣ መምህራኑ ነን።