ድምፅ የሌለው መኪና

በዚህ ወር ልናነሣው የወደድነውን ነገር ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ዳር ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። ከአንድ ዐይነ ስውር ወዳጃችን ጋራ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስንሄድ ከእግረኛ መሻገሪያ ደረስን። ወዳጃችን ገና ወጣት፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ነጭ በትሩን ይዞ ከተማውን ብቻውን ሲዞር ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እጁን ልንይዘው ስንሞክር «ተዉኝ ጋሼ፤ መንገዱን ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ» ይለናል፤ እውነቱንም ነው። በዚያን ቀን ግን ቆሞ አዳመጠ፤ ጆሮውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበለ፤ «ባዶ ነው» ብሎ እግሩን ሲያነሣ ኮቱን ጨምድደን ያዝነው። አንድ ነጭ መኪና ከፊታችን ክንድ በማይሞላ ርቀት ሽው ብሎ ዐለፈ። የሞተር ድምፅ አልነበረውም። መምጣቱን ያወቅነው እኛም በዐይናችን እንጂ በጆሯችን አልነበረም።

ወዳጃችን አልደነገጠም፤ ወይም ድንጋጤውን ሊያሳየን አልወደደም። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ድሮ መኪና ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን ሳይመጣ እፊቴ ይገኛል» አለን። ይህ ቃል እስከ ቤታችን ድረስ ተከተለን።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ባስታወቀ ጊዜ፥ ነገሩ በየቤቱና በየሥራ ቦታው ብዙ ያከራከረ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ለነዳጅ ስለሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ተነጋገርን፤ ባትሪው ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል ተባባልን፤ ገጠር ሲኬድ የት ይሞላል ብለንም ጠየቅን። እኛም ከተከራካሪዎቹ መካከል ነበርንና የሰው ስሕተት ብቻ አድርገን አንናገርም። ነገር ግን መንገድን በጆሮው የሚሻገር ሰው ከእንግዲህ እንዴት ይሻገራል ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ በመካከላችን አልነበረም። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ሊጠይቀው የሚችለው ሰው ከጨዋታችን ክብ ውስጥ ስላልነበረ ነው።

በሌላ ሀገር ግን ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ተጠይቆ ነበር። ቶዮታ የተባለው ኩባንያ ቤንዚንና ባትሪን አጣምሮ የሚሄደውን ፕሪየስ የተባለውን መኪና በ1990 ዓ.ም. በጃፓን ገበያ ላይ አዋለ፤ ጥቂት ዘግይቶም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ይህ መኪና በዝግታ ሲሄድ ሞተሩን አጥፍቶ በባትሪው ብቻ ይጓዛል። ሠሪዎቹም ገዢዎቹም ጸጥታውን እንደ ትልቅ በረከት ቈጠሩት፤ ማንስ ጫጫታ ይወዳል? በአሜሪካ የሚገኘው ብሔራዊ የዐይነ ስውራን ፌዴሬሽን ግን ነገሩን በሌላ ጆሮ ሰማው። ይህ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተ ማኅበር፥ ዐይነ ስውራኑ ራሳቸው የሚመሩት ነው። አባሎቹ ነጭ በትራቸውን ይዘው ከመንገድ ዳር ቆመው መኪናው በአጠገባቸው ሲያልፍ ይሰማቸው እንደ ሆነ ፈተኑ፤ አልተሰማቸውም። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉት መኪናዎች በመንገድ ላይ ጥቂቶች ነበሩ። እነርሱ ግን የፈሩት በዚያን ቀን የሚያልፈውን አንዱን መኪና ሳይሆን፥ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ መንገዱን ሁሉ የሚሞላውን ነበር።

ይህን ይዘው ለመኪና ሠሪዎች ጻፉ፤ በምክር ቤት ደጅ ጠኑ። በመጀመሪያ የሰማቸው ጥቂት ነበር። በመጨረሻ ግን በታኅሣሥ ወር 2003 ዓ.ም. እንዲህ ያሉት መኪናዎች እግረኛን የሚያስጠነቅቅ ድምፅ እንዲኖራቸው የሚያዝዘው ሕግ በፕሬዚዳንት ኦባማ ፊርማ ጸደቀ። ነገሩ በአንድ ሀገርም አልቀረም። በጄኔቫ የመኪናን ደንብ በሚመክረው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሥር ስለ ጸጥተኛ መኪናዎች የሥራ ቡድን ሲቋቋም፥ የዓለም ዐይነ ስውራን ኅብረት ከመሐንዲሶቹና ከመንግሥታቱ መልእክተኞች ጋራ አብሮ ተቀመጠ። ከዚያ የወጣው 138ኛው ደንብ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ጸና። በደንቡ መሠረት መኪናው ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ድምፅ ማሰማት አለበት፤ ከዚያ በላይ ሲፈጥን የጎማው ድምፅ ራሱ ይሰማልና። የአውሮፓ ኅብረትም ይህንኑ ከሰኔ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዳዲስ ዓይነቶች፥ ከሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ስናስብ አንድ ነገር ያስደንቀናል። የሚመጣውን ያዩት ማየት የተሳናቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። ይህን የምንለው ለቃል ጨዋታ አይደለም። መንገዱን በጆሮው የሚኖርበት ሰው፥ ድምፁ ሲጠፋ ከማንም በፊት ማወቁ የተፈጥሮ ነገር ነው።

በዛሬው ዘመን በታላላቅ የልማት ድርጅቶች ዘንድ የነገን አርቆ ማሰብ ራሱን የቻለ ሞያ ሆኗል። ከአንባቢያን መካከል ይህን ሲሰማ ጥንቈላ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም በመጀመሪያ ስንሰማው እንዲሁ ተጠራጥረን ነበር። ነገር ግን ሞያው የሚሆነውን ዐውቃለሁ አይልም። ሊሆን የሚችለውን ሁለት ሦስት ዓይነት ነገ በዝርዝር ያስባል፤ እያንዳንዱ ቢደርስ ምን እናደርጋለን ብሎ ይመክራል፤ የትኛው እየቀረበ እንደ ሆነ የሚያሳየውን ምልክት ይጠብቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሼል በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ፒየር ዋክ የተባሉ ፈረንሳዊና ባልደረቦቻቸው፥ ነዳጅ ሊያጥርና ዋጋው ሊንር እንደሚችል ቀውሱ ከመድረሱ በፊት ለአለቆቻቸው በዚህ መንገድ አሳይተው ነበር። ቀውሱ በ1966 ዓ.ም. መባቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ ማቆማቸውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ለእናንተ መተረክ አያሻንም። አስቀድሞ ያሰበና ያላሰበ በአንድ ማዕበል እኩል አይመታም።

ዳሩ ግን አርቀው የሚያስቡትም ሰዎች ቢሆኑ ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው የሚያስቡት። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፈንን፤ ይህም የሚገባ ነበር። የከንፈርን እንቅስቃሴ እያየ ነገር የሚረዳ መስማት የተሳነው ሰው ግን በአንድ ቀን ዓለሙ ሁሉ ዝም አለበት። «ምንም አትንኩ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በእጁ ዳስሶ መንገድ የሚያገኘውን ሰው ከቤት አስቀረው። ማስጠንቀቂያውን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አጠገባቸው የሚነግራቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ስጋት ቅነሳ ጽሕፈት ቤት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ጥናትም ይህንኑ ይመሰክራል። በብዙ ሀገር የሚኖሩ አካል ጉዳተኞች ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ ሳይቸገሩ ወዲያው ከቤት መውጣት ትችላላችሁን ተብለው ሲጠየቁ፥ እንችላለን ያሉት ከ100 ሰው 20 ብቻ ነበሩ፤ 6ቱ ፈጽሞ አንችልም አሉ። ከ100 ሰው 85ቱ በአካባቢያቸው ስለ አደጋ በሚደረግ ምክር ተካፍለው አያውቁም። ግማሽ ያህሉ ግን ለመካፈል እንወዳለን ብለው ነበር። ይህችን የመጨረሻይቱን ቍጥር ልብ በሉልን፤ እንወዳለን እያሉ ያልተጠሩ ሰዎች ናቸውና።

ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንናገረውም በዚህ ምክንያት ነው። እኛ አካል ጉዳተኛውን ማየት የለመድነው በደጀ ሰላም እጁን ሲዘረጋ ነው፤ ሰጪ እኛ፥ ተቀባይ እርሱ። ምጽዋቱ መልካም ነው፤ ልማዱ ግን ከእርሱ የምንቀበለው ነገር መኖሩን አስረስቶናል። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ከተቋቋመ ከ1963 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ሀገር ሰው ሲያሰማራ ኖሯል፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒዩተር የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል። ይህ ነገር በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ምን ያህል በር እንደ ከፈተ ማሰብ ቀላል ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያለው ዐይነ ስውርም ጥናት ያጠናል፤ ረቂቅ ያርማል፤ ይተረጕማል። ወሎ ተወልደው በልጅነታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ያጡት የሕግ ባለሞያዋ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ2010 ዓ.ም. መባቻ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ታላቅ ሽልማት የተሸለሙት፥ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በሀገርም በውጭም ባደረጉት ሥራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ በ32ኛው አንቀጹ መንግሥታት በልማት ሲተባበሩ ሥራቸው እነዚህን ሰዎች የሚያሳትፍና ሊደርሱበት የሚችሉት እንዲሆን ያዝዛል።

በዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ስለሚሠራ አንድ አዳራሽ የሚመክር ስብሰባ ስናዘጋጅ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አንዲት እናት ሐሳባቸውን እንዲሰጡን በክብር ጠራናቸው። ስብሰባው አሳንሰር በሌለው ቤት በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። እናታችን ከደረጃው ሥር ደርሰው ጥቂት ቆዩና ተመለሱ። እኛ ላይ ሆነን «ለምን ቀሩ?» እንባባል ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ለሕዝብ የሚያገለግሉ ቤቶች ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ማዘዙን ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዕውቀቱ ግን ወንበሩን አንሥቶ ምድር ቤት እንዲያወርድ አላደረገውም። በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ብንሄድ እናታችን ስቀው፥ «ልጆቼ፥ ምክሬን እኮ ከደረጃው ሥር ሆኜ ሰጠኋችሁ» አሉን።

ሌላም የምንጨምረው አለን። በጎ ፈቃድ ማለት ሰውን በራሱ ኪሳራ ማሠራት አይደለም። አካል ጉዳተኛው ለታክሲ የሚያወጣው ከእኛ ይበልጣል፤ መስማት የተሳነው ሰው አስተርጓሚ ያሻዋል። የጠራው ክፍል ይህን ወጪ ካልቻለ ጥሪው የአፍ ነው። ደግሞም ሰዎቹን የሚጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፥ ለፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ ባይጠራቸው ይሻላል።

እናንተም ወላጆች ሆይ፤ በቤታችሁ አካሉ የተጎዳ ልጅ ቢኖር፥ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ አታስገቡት። ስለ ቤቱ ጉዳይ፥ ስለሚመጣው ዓመት፥ ስለሚከራየው ቤት ስትመክሩ ከመካከላችሁ አስቀምጡትና ጠይቁት። «ውኃው ከጓሮ ቢሆን እንዴት ትደርስበታለህ? እሳት ቢነሣ በየትኛው በር ትወጣለህ?» በሉት። የሚመልስላችሁን እኛ አሁን ልንነግራችሁ አንችልም፤ እርሱ ግን ያውቀዋል።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሁለት ዐይነ ስውራን ጓደኞቹንና አንዲት የምታይ እኅቱን ይዞ በየቅዳሜው ጠዋት ከዚያው መሻገሪያ አጠገብ ይቆማል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ሲያልፍ እኅቱ ሰዓቱንና የመኪናውን ዓይነት ትጽፋለች፤ ሦስቱ ደግሞ ሰምተው እንደ ሆነ ወይም አልሰሙ እንደ ሆነ በየተራ ይናገራሉ። አንዱ መኪና እንደ ንብ ያህል ድምፅ ያሰማል፤ ሌላው ምንም የለውም። የሰበሰቡትን መዝገብ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ሊያቀርቡት አስበዋል፤ በእንግሊዝኛም ተርጕመው በሌላ ሀገር ላሉ ዐይነ ስውራን ማኅበሮች ሊልኩት ይፈልጋሉ፤ በሌሎች ሀገሮችም ይህ መኪና እየበዛ ነውና።

እኛንም ሥራ አላስፈቱንም። በሚመጣው ቅዳሜ እኅቱ ፈተና ስላለባት፥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ደብተሩን ይዘን የምንቆመው እኛ ነን። «ጋሼ፥ ብቻ ከእኛ በፊት መጣ ብለው እንዳይናገሩብን» ሲል አስጠንቅቆናል።