ቡና የደበቀው ድካም

ዕድሜዬ 61 ነው። መዋኘት ብመኝም እዚህ ጅማ የቦዬን ረግረግ ጉማሬ ይዞታልና ኪቶ ፉርዲሳ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ዙሪያ እሮጣለሁ። ዘንድሮ ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ ይበርቱ!» ሲሉኝ ልቤ አበጠና በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውን ሩጫ ሰባት አደረግሁት። በወሩ እግሬ እንደ እርጥብ ግንድ ከበደኝ፣ እንቅልፍ ራቀኝ፣ ልጆቼ ላይ መጮህ ጀመርኩ። ከአልጋ ሳልነሳ የምቆጥረው የልብ ምት ከ56 ወደ 68 ወጣ። እኔ ግን የጅማ ሰው አይደለሁ? አቦሉን ጠጥቼ ወጣሁ። ቡና ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ ከሰዓት የጠጡት ደግሞ የሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል።

ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ፣ በ2024 የለንደን ማራቶን፣ በ2:04:15 ሁለተኛ ሲወጣ እኛ ሽማግሌዎች «ታዲያ እኛስ ምን አለን?» አልን። ጉዳት ስንት ጊዜ ከውድድር እንዳስቀረው ረሳነው። ወጣት በአንድ ሌሊት የሚያገግምበትን ድካም የእኔ ዕድሜ ቀናት ይፈልግለታል። ያረፈን ሽማግሌ «ሰነፈ» ማለታችን ቢቀር ምን አለበት?

እኔም ሩጫውን ሁለት ሳምንት አቁሜ በእግር ጉዞ ጀመርኩ። ዛሬ ጠዋት የልብ ምቴ 57 ነው። ነገ ግን አልሮጥም፤ ተማሪዎቹ ያሻቸውን ይበሉ።