የሽመሉ ሰጋቱራ የማን ነው?

የአሶሳና የባምባሲ ቆላ ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ግንዱ ድፍን በመሆኑ ነው። በ3 ዓመት ገደማ ለመቆረጥ የሚደርሰው ይህ ተክል ለሠፊው ሕዝብ ጣራና ግድግዳ፣ አጥርና ወንበር ሆኖ ኖሯል። ሆኖም ሽመሉ ተሰንጥቆ ዕቃ በሚሆንበት ወርክሾፕ ደጃፍ ፍቅፋቂውና ሰጋቱራው ሲጋይ ይታያል። የሚቃጠለው ምንድን ነው? የሠራተኛው ላብ ነው!

ተረፈ ምርትን መልሶ ጥሬ ዕቃ ማድረግ ለአገራችን ወዛደር እንግዳ አይደለም። በጎረቤት ወለጋ፣ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ፣ ተጨምቆ የቀረው አገዳ የቦይለር ማገዶ ነው፤ ከሞላሰሱ የተገኘው ኤታኖልም በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ከቤንዚን እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ሰጋቱራም አየር ተነፍጎት ከከሰለ በኋላ ከጭቃ ጋር ተቦክቶና ታምቆ ሲደርቅ የምድጃ ከሰል ይወጣዋል። ለዚህ በርሜልና የእጅ መጭመቂያ ይበቃል፤ (እኛ ጸሐፊዎች ግን ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች ስናትት በርሜሉን ረስተነዋል።)

ዋናው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ቆሻሻ የተባለው ነገር ዋጋ ባወጣ ማግሥት ነጋዴው «የእኔ ነው» ብሎ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የአሶሳ የእንጨት ሥራ ማኅበራትና የቀበሌ ነዋሪዎች ሳይቀደሙ ይነጋገሩበት፤ ሰጋቱራው የሠራተኞቹ የጋራ ንብረት መሆኑም በውል ይስፈር።