የተቆረጠችው «ተናገሩ»

ጥር 28 ቀን 1995 ዓ.ም. ረቡዕ ማምሻውን፣ ዜና ክፍላችን ውስጥ በነበረችው አንዲት ቴሌቪዥን ፊት አምስት ስድስት ሆነን ቆመን ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ጋዜጣ የውጭ ዜና ተርጓሚ ነበርኩ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ቀርበዋል። ከጀርባቸው የሲአይኤው ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት ተቀምጠዋል። ፓወል በጣቶቻቸው መካከል አንዲት ብልቃጥ ከፍ አድርገው አሳዩና፣ ከሻይ ማንኪያ ያነሰ የአንትራክስ ዱቄት በፖስታ ተልኮ የአሜሪካን ሴኔት እንዳዘጋ ተናገሩ። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ለማሳያ የተዘጋጀ እንጂ አንትራክስ አልነበረም። የእኛ ዓይን ግን ከእሷ አልተነቀለም።

ዜናውን ሌሊቱን ተረጎምኩ። ርዕሱ «ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች ሲሉ ኮሊን ፓወል ተናገሩ» የሚል ነበር። በማግስቱ ገጹን የሚያቀናብረው ልጅ ርዕሱ ከዓምዱ ውስጥ አልገባለት ብሎ ጠራኝ። «ከጫፉ ትንሽ ይቆረጥ?» አለኝ። «ይቆረጥ» አልኩት። ጋዜጣው የወጣው «ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች» ብሎ ነው።

አማርኛችን ዋናውን ግሥ ለመጨረሻ ያቆያል። «አለ»፣ «ተባለ»፣ «ሲል ከሰሰ» የሚሉት ቃላት የሚመጡት ዐረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲቆረጡ የአንድ ሰው ክስ የነበረው ነገር ባለቤት ያጣና የተረጋገጠ እውነት መስሎ ያድራል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰፈራችን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ጎልማሶች በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ተጠራጣሪ ነው፤ «ማን አየው?» ይላል። ሌላው የእኛን ጋዜጣ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋና «ይኸው፣ ጋዜጣው ደብቃለች ብሏል እኮ!» ብሎ አፉን አስያዘው። ያ ተጠራጣሪ ሰው ዝም ሲል አየሁት። ትክክል የነበረው እሱ ነው። ዝም ያሰኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዋሽንግተን ውስጥም የተሠራው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ እዚያ ታስቦበት መሠራቱ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ኢራቅ ለኑክሌር ቦምብ መሥሪያ የሚያገለግሉ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ለመግዛት እንደሞከረች በፊት ገጹ ጻፈ። ወሬውን ያገኘው ከመንግሥት ባለሥልጣናት ነው። በዚያው ዕለት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዲክ ቼኒ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ስለ ቱቦዎቹ ሲናገሩ ያንኑ ጋዜጣ ጠቀሱ። የብሔራዊ ፀጥታ አማካሪዋ ኮንዶሊዛ ራይስም በሌላ ጣቢያ ስለ ቱቦዎቹ አንስተው፣ የመጨረሻውን ማስረጃ የምናየው በአቶሚክ ፍንዳታ ደመና መሆን የለበትም የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ወሬው ከመንግሥት ወጥቶ፣ በጋዜጣ በኩል ዞሮ፣ ምስክር ሆኖ ወደ መንግሥት ተመለሰ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ግን ቱቦዎቹ ለተራ ሮኬት የሚሆኑ ናቸው የሚል አቋም ነበራቸው።

ፓወል ኢራቅ አሏት ያሏቸው ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ላቦራቶሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ለምክር ቤቱ የታዩት በጭነት መኪና ላይ የተተከሉ ላቦራቶሪዎች ፎቶግራፍ አልነበሩም፤ ሥዕሎች ናቸው። ዋናው ምንጫቸው «ከርቭቦል» የሚል የምስጢር ስም የተሰጠው ጀርመን የገባ አንድ ኢራቃዊ ነበር። ሰውየውን የሚያነጋግሩት ጀርመኖች ሲሆኑ ለአሜሪካኖቹ የደረሳቸው የእነሱ ሪፖርት ነው። በእኛ አነጋገር በሰሚ ሰሚ። ይኸው ሰው በ2003 ዓ.ም. መዋሸቱን ራሱ ለእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ አምኗል።

የተናጋሪን ስም መጥቀስ ብቻውንም አያድንም። ጥር 20 ቀን 1995 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቡሽ ሳዳም ሁሴን ከአፍሪካ ዩራኒየም ሊገዛ እንደሞከረ ሲናገሩ፣ ይህን የደረሰበት የእንግሊዝ መንግሥት ነው ብለው ነበር። የካቲት 28 ቀን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ፣ የኒጀር ዩራኒየም ሽያጭ ማስረጃ ተብለው የቀረቡት ሰነዶች ሐሰተኛ መሆናቸውን ለፀጥታው ምክር ቤት አስታወቁ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ ላይ የሰፈረው፣ ከሥልጣን ከወረዱ አሥር ዓመት ያለፋቸው የኒጀር ሚኒስትር ስም ነበር። በሃንስ ብሊክስ የሚመሩት የተባበሩት መንግሥታት የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎችም ኢራቅ ውስጥ 700 ያህል ፍተሻ አድርገው የተባለውን ክምችት አላገኙም። እነዚህንም ዜናዎች የተረጎምኳቸው እኔ ነኝ። የወጡት ግን በውስጥ ገጽ፣ በአጭሩ ነው። ብልቃጥ አልነበራቸውማ።

መጋቢት 11 ቀን ባግዳድ ተደበደበች። አሜሪካ ይፋ ባደረገችው የደጋፊዎቿ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረች፣ ኤርትራም ነበረች። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻቸውን በባድመና በዛላምበሳ የቀበሩ ሁለት አገሮች፣ ጦርነታቸውን ያቆመው የአልጀርስ ስምምነት ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተሰለፉ። ጦርነት ሲመጣ ምን እንደሚወራ፣ ማን እንደሚያወራውና ማን እንደሚሞት ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ነበር? ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት የወጣሁ ጋዜጠኛ ሆኜ ሳለ «ማን አለ?» የምትለዋን ጥያቄ ለአንድ ዓምድ ስፋት ስል መጣሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች የነበሩበት የአሜሪካ መንግሥት የራሱ አጣሪ ቡድን ኢራቅን ካሰሰ በኋላ፣ በመስከረም 1997 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የተባለው የጦር መሣሪያ ክምችት እንዳልነበረ አረጋገጠ። ኒውዮርክ ታይምስ ዘገባዎቹ ጉድለት እንደነበረባቸው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በውስጥ ገጹ አምኗል። ቱቦዎቹ የወጡት ግን በፊት ገጽ ነበር። ፓወልም ያ ንግግር በታሪካቸው ላይ የማይለቅ ነቁጥ መሆኑን ከመሞታቸው በፊት ተናግረዋል። ይህ ሁሉ ሲታወቅ ከ4 ሺህ 400 በላይ የሆኑት የአሜሪካ ወታደሮችና ከመቶ ሺህ በላይ የሆኑት የኢራቅ ሲቪሎች ከፊሎቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ ዜና የሚጽፉ ወጣቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የጦርነት ወሬ ሲመጣላችሁ፣ የየትኛውም መንግሥት ይሁን፣ የራሳችንም ጭምር፣ ቦታ ከጠበባችሁ ሌላ ቃል ቁረጡ። ተናጋሪውን አትቁረጡ። አንባቢም «ማን አየው?» ያለውን ሰው በጋዜጣ ዝም አያሰኝ።

ያ የእኛ ጋዜጣ እርማት ሳያወጣ ተዘጋ። እርማቱን እኔ እዚህ አወጣዋለሁ፦ በጥር 1995 ዓ.ም. «ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች» በሚል ርዕስ የወጣው ዜና ስሕተት ነው። ኢራቅ አልደበቀችም። «ደብቃለች» ያሉት ኮሊን ፓወል ናቸው።